የማይታጠብ እድፍ

የታች ጋይንቷ አርብ ገበያ የምትጠራው በገበያ ቀኗ ነው። ዓርብ የጾም ቀን በመሆኑ ጿሚው እህል ሳይቀምስ ይገበያያል። ሴቲቱ የሸክላውን ድስት በጣቷ አንኳኩታ ድምፁን ታዳምጣለች፤ ገበሬው ማረሻውን አገላብጦ ያያል። ድስቱ የጾም ወጥ ይሠራበታል፤ ማረሻው ለቤተ ክርስቲያን መገበሪያ የሚሆነው ስንዴ የሚዘራበትን መሬት ይሰነጥቃል። ዕቃውን ርኩስ ነው የሚል የለም። ሠሪው ግን በሰሜኑ የአገራችን ክፍል ለዘመናት «ቡዳ» እየተባለ ከጋብቻ ሲገለል፣ ከማዕድ ሲርቅ ኖሯል። እጁ የሠራው ንጹሕ ሆኖ እጁ ራሱ ርኩስ የሚባልበት ምክንያት ሊመረመር ይገባዋል።

የንጽሕና ሥርዓት በራሱ የዘር ጥላቻ ነው ማለት አይቻልም። በኦርቶዶክስ ሥርዓት ወንድ የወለደች እናት 40 ቀን፣ ሴት የወለደች 80 ቀን ከቤተ መቅደስ ትርቃለች፤ ቀኑ ሲሞላ ትገባለች። ከቤተ እስራኤል ወገን የሆነም ሰው ክርስቲያን ሲነካው ወንዝ ወርዶ ታጥቦ ወደ መንደሩ ይመለስ ነበር፤ ጎረቤቶቻቸው «አትንኩኝ» ያሏቸው ከዚህ የተነሣ ነው። እነዚህ ሥርዓቶች ምንም ቢከብዱ መውጫ በር አላቸው፤ ውኃ፣ ቀን፣ ጸሎት፣ ንስሐ። ቡዳነት ግን መውጫ የለውም። ቀጥቃጩ ቢጠመቅም፣ ቢጾምም፣ ወናፉን ጥሎ ጸሐፊ ቢሆንም ልጁ «የቡዳ ልጅ» ነው። ነፍስ ላጠፋ ሰው ቀኖና የሚሰጠው የነፍስ አባት ለዚህ የሚሰጠው ቀኖና የለውም። ንጽሕና ከሥራ ወደ አጥንት ሲሸጋገር ዘረኝነት የሚባለው ነገር ተወልዷል ማለት ነው።

ይህ ሽግግር የእኛ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1449 የስፔን ከተማ ቶሌዶ ከአይሁድ የተወለዱ ክርስቲያኖች በከተማው ሹመት እንዳይይዙ ደነገገች። ሰዎቹ ተጠምቀዋል፤ ጥምቀቱ ግን ደማቸውን አላነጻውም ተባለ። የሮማው ፓፓ ኒኮላስ 5ኛ በዚያው ዓመት ድንጋጌውን ቢያወግዙም «የደም ንጽሕና» የሚለው ሕግ ወደ ሌሎች የስፔን ተቋማት ተዛመተ። እ.ኤ.አ. በ1935 ናዚዎች በኑረምበርግ ያወጡት የደም ሕግም የአያትን ሃይማኖት እየቆጠረ የልጅ ልጁን ዘር ይወስን ነበር።

ወደ ጋይንት እንመለስ። ቤተ እስራኤል ርስት ያጡት በዐፄ ይስሐቅ ዘመን፣ በ15ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ላይ እንደሆነ በትውፊት ይነገራል። መሬት የሌለው ሰው በብረትና በሸክላ ይኖራል። በአማራው ዘንድ ደግሞ ርስት በአባትም በእናትም በኩል ይወረሳል፤ ስለዚህ ባለርስት ከቀጥቃጭ ቢጋባ የቀጥቃጭ ልጅ መሬት ይካፈላል። አጥንት መቁጠር የመሬት መዝገብም ነበር። ርኩስ የተባለው ሰው ከማዕዱ የራቀውን ያህል ከእርሻውም ይርቃል።

ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጆችን መስደብን በዐዋጅ ከለከሉ። የየካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. ዐዋጅም የርስትን ሥርዓት አፈረሰ። የኢኮኖሚው መሠረት ሲለወጥ እምነቱም አብሮ ይወድቃል የሚለው ትምህርት በዚያ ዘመን የተለመደ ነበር። መሬቱ ተከፋፈለ፤ ቡዳ የሚለው ቃል ግን አልጠፋም። ሕፃን ምክንያቱ ባልታወቀ በሽታ ሲከሳ «ማን በላው?» የሚለውን ጥያቄ የመሬት ዐዋጅ አይመልሰውም። ትምህርቱ ሐሰት ባይሆንም ግማሽ ነበር። ይባስ ብሎ አብዮቱ ራሱ ጠላቱን ሲያሳድድ «ማጽዳት» እና «ምንጠራ» የሚሉትን ቃላት ተዋሰ፤ ዛሬ ሰውን በዘሩ እየለዩ ማፈናቀልና መግደልም በአማርኛችን «ዘር ማጽዳት» ይባላል። ሠዓሊዎችም ከዚህ ጉዳይ ውጭ አይደሉም፤ በቤተ ክርስቲያን ሥዕል ጻድቃን በሙሉ ፊት፣ ዲያብሎስና ክፉዎች በጎን ፊት በአንድ ዓይን ይሣላሉ፤ ዲያብሎስም ብዙውን ጊዜ ጥቁር ነው።

የቤተ እስራኤል ዕጣ ነገሩን የበለጠ ያወሳስበዋል። እስራኤል ከገቡ በኋላ የአገሩ ረቢዎች አይሁድነታቸውን በመጠራጠር በውኃ ጠልቀው እንዲነጹ ጠየቋቸው፤ እ.ኤ.አ. በ1985 ይህን በመቃወም ሰልፍ ወጡ። እ.ኤ.አ. በ1996 ደግሞ የለገሱት ደም ተነጥሎ በስውር ሲጣል መኖሩ ተገለጠ። የተሰጠው ምክንያት የኤች አይ ቪ ስጋት ነበር፤ የተጣለው ግን የታመመው ሰው ደም ብቻ ሳይሆን የወገኑ ሁሉ ደም ነው። በሺሕ የሚቆጠሩ ሰዎች በጠቅላይ ሚኒስትሩ ጽሕፈት ቤት ፊት ጮኹ፤ ከፖሊስም ጋር ተጋጩ።

ይሁንና ይኸው ሕዝብ በራሱ መካከል «ጨዋ» እና «ባርያ» የሚል መለያ ነበረው። ከባርያ የተወለደ ሃይማኖቱን ቢቀበልም፣ ሰንበቱን ቢያከብርም ጨዋው አይጋባውም ነበር፤ መለያውም ባሕር ተሻግሮ አብሮ ሄዷል። በሰልፉ ማግሥት ልጁን እንዲሰጥ ሽማግሌ የተላከበት አባት ከእነዚያ ተቃዋሚዎች አንዱ ሊሆን ይችላል። ሽማግሌዎቹን አስቀምጦ፣ ቡና አስፈልቶ፣ ስለ ልጁ ትምህርትና ጠባይ ከሰማ በኋላ የሚያነሣው ጥያቄ ጋይንት ያለው አባት ከሚያነሣው አይለይም፤ «ለመሆኑ ዘሩ ከማን ነው?»