ስለ ሥጋ ሥራና ስለ መንፈስ ፍሬ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

ሐዋርያው ቅዱስ ጳውሎስ ወደ ገላትያ ሰዎች በላከው መልእክት በምዕራፍ 5 ሥጋና መንፈስ እርስ በርሳቸው እንደሚቃወሙ አስተምሮ የሥጋን ሥራና የመንፈስን ፍሬ ለይቶ ይቈጥራል። ብዙ ምእመናን ይህን ሲሰሙ አሳባቸው ወደ ዝሙትና ወደ ስካር ብቻ ይሄዳል። ከእነዚህ የራቀና ጾሙን የማይገድፍ ሰውም የሥጋን ፈቃድ ድል የነሣ መስሎት ያርፋል። ዳሩ ግን ሐዋርያው ከቈጠራቸው የሥጋ ሥራዎች ግማሽ የሚያህሉት ጥል፣ ክርክር፣ ቅንዓት፣ ቍጣ፣ አድመኛነት፣ መለያየትና ምቀኝነት ናቸው። እነዚህም ሁሉ በልብ የሚፀነሱ ናቸው።

እንግዲህ በዚህ ሥፍራ ሥጋ የተባለው ምንድን ነው? ይህ የለበስነው ሥጋ የእግዚአብሔር ፍጥረት ነውና በተፈጥሮው ክፉ አይደለም። ክፉስ ቢሆን አካላዊ ቃል ባልተዋሐደው፣ እኛም ቅዱስ ሥጋውን ባልተቀበልን ነበር። ቅዱስ ዮሐንስ አፈ ወርቅም ይህን መልእክት ሲተረጉም የተነቀፈው ወደ ምድር ያዘነበለው ክፉ ፈቃድ መሆኑን ያስረዳል። ስለዚህ ሰው አካሉን በጾም አድክሞ በልቡ ቂም ቢያሳድር ገና በሥጋ ፈቃድ ይመላለሳል።

ይህን ትምህርት በሸዋ ሮቢትና በይፋት ቆላ ለሚኖር ምእመን መንገር ቀላል አይደለም። በሚያዝያ 2013 ዓ.ም. በአጣዬ ሰዎች ተገደሉ፤ ብዙ ቤቶችም ተቃጠሉ። በኅዳር 2014 ዓ.ም. ደግሞ ከሰሜን የተነሣው ጦርነት ሸዋ ሮቢት ደረሰ። ወንድሙን የቀበረ፣ ቤቱ የነደደበት ሰው ቢያዝን ማን ይፈርድበታል? ጌታችንም በአልዓዛር መቃብር አልቅሷል። ፍርድ መሻትም ኀጢአት አይደለም፤ በሮሜ መልእክት በምዕራፍ 12 በቀልን ለእግዚአብሔር እንድንተው ያዘዘ ያው ሐዋርያ በምዕራፍ 13 ክፉ አድራጊን መቅጣት የሹም ሥራ እንደ ሆነ ይናገራልና። ኀጢአት የሚሆነው ኀዘኑ ወደ ቂም ሲለወጥ ነው፤ ይኸውም የአንዱን በደል በወገኑ ሁሉ ላይ ሲጭን፣ ያልበደለውን የጎረቤት ልጅ በነገዱ ወይም በሃይማኖቱ በጠላትነት ሲቈጥር ነው። በይፋት አማራው፣ አርጎባው፣ ኦሮሞውና አፋሩ፣ ክርስቲያኑና ሙስሊሙ በአንድ ገበያ ይገናኛሉ። የሥጋ ዓይን በዚያ ገበያ ደመኛ ይፈልጋል፤ የመንፈስ ዓይን ግን በእግዚአብሔር አርአያ የተፈጠረ ሰው ያያል።

ሐዋርያው የሥጋን «ሥራ» ብሎ የመንፈስን ግን «ፍሬ» ማለቱንም ልብ እንበል። ቤት ለማቃጠል አንዲት ሌሊት ትበቃለች፤ ፍሬ ግን ጊዜ ይሻል። ይህን የቆላው ገበሬ ያውቀዋል። ሽንኩርቱን በመስኖ የሚያለማ ሰው ውሃውን አልፈጠረውም፤ ከደጋው ይወርድለታል። የእርሱ ድርሻ ቦዩን መጥረግ፣ ደለሉን ማውጣት፣ የውሃ ተራውን ማክበር ነው። ቦዩ ከተደፈነ ወንዙ ሞልቶ እየፈሰሰ እርሻው ይደርቃል። በጥምቀትና በሜሮን የተቀበልነው የመንፈስ ቅዱስ ጸጋም አልጐደለም፤ ነገር ግን ቂም እንደ ደለል መግቢያውን ይደፍናል፤ ፍቅር፣ ሰላምና ትዕግሥትም በልባችን ይደርቃሉ።

ቦዩ እንዴት ይጠረግ ቢሉ፣ አስቀድሞ ቂምን ለንስሐ አባት ገልጦ በመናገር ነው። የገደፈውን ጾም የሚናዘዝ ብዙ ነው፤ ጥላቻውን የሚናዘዝ ግን ጥቂት ነው። ቀጥሎም የበደለንን ሰው በስሙ ጠርቶ ስለ እርሱ መጸለይ፣ ሽማግሌ ለዕርቅ ሲመጣም ደጅን አለመዝጋት ነው። ልብ ወዲያው ባይታዘዝም ጸሎቱን አናቋርጥ፤ ደለል በአንድ ቀን አይወጣምና።

እኛም ካህናት በለቅሶና በተዝካር ስንቆም ከአንደበታችን ለበቀል ማገዶ የሚሆን ቃል አይውጣ። በቅዳሴ ጊዜ ምእመናን እርስ በርሳቸው ሰላም እንዲባባሉ ዲያቆን የሚያዘው ወደ ሥጋ ወደሙ ከመቅረባቸው በፊት ነው። ስለዚህ ይህ ሰላምታ የአንገት ብቻ እንዳይሆን ማስተማር፣ የተጣሉትንም ማስታረቅ የእኛ ዕዳ ነው።

የሰላም አምላክ ለይፋት ምድርና ለአገራችን ሁሉ የመንፈስን ፍሬ ያብዛልን፤ አሜን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።