የታየ ምልክት፣ የተሰወረ ምልክት

ከጣና ሐይቅ በስተምሥራቅ ያለችው ይፋግ በ19ኛው ክፍለ ዘመን የታወቀች የገበያ ከተማ ነበረች። በአሞሌ ጨውና በጠገራ ብር በሚገበያይበት በዚያ ዘመን የሀገራችን ነጋዴ የተሰጠውን ጠገራ ዝም ብሎ አይቀበልም ነበር። የማሪያ ቴሬዛን የራስ ጌጥ ዕንቁዎች፣ የትከሻዋን ጌጥ፣ ከምስሏ ሥር የተቀረጹትን ፊደላት አገላብጦ ያያል። ምልክቱን ሻጩም ገዢውም ያውቀዋል።

የቀለም ማተሚያ መሣሪያ ግን ሌላ ዓይነት ምልክት አመጣ። ብዙዎቹ የቀለም ሌዘር ማተሚያዎች በየገጹ ላይ ዓይን በቀላሉ የማይለያቸው ጥቃቅን ቢጫ ነጥቦች ያኖራሉ። እ.ኤ.አ. በ2005 የአሜሪካው ኤሌክትሮኒክ ፍሮንቲየር ፋውንዴሽን የአንዱን ዓይነት ማሽን ነጥቦች ሲፈታ የማሽኑ መለያ ቁጥር፣ ቀኑና ሰዓቱ ተጽፈው ተገኙ።

ዓላማው ሐሰተኛ ገንዘብ አታሚን መያዝ ነው። ይህን ማን ይጠላል? ሐሰተኛ ብር ከባንኩ ይልቅ የሚጎዳው ቅቤዋን ሸጣ ወደ ቤቷ የምትመለሰውን እናት ነው። ይሁን እንጂ ነጥቡ ገንዘብ አስመሳዩን ከአቤቱታ ጸሐፊው አይለይም። ስሙን ሳይጽፍ በደል የሚያጋልጥ ሰው፣ ሳያውቀው በገዛ ወረቀቱ ላይ ፊርማውን ያኖራል።

«ምልክቱ ከተነገረ ሌባው ይነቃል» ይባል ይሆናል። የጠገራው ምልክት ግን ይጠቅም የነበረው ሁሉም ስለሚያውቀው ነው፤ ተራውን ገበያተኛ ዳኛ ያደርገው ነበር። የተሰወረው ምልክት ግን ያንኑ ገበያተኛ ተጠርጣሪ ያደርገዋል። ሌባን የሚይዝ ምልክት ይኑር፤ ወረቀቱን የሚያትመው ሰው ግን ይወቀው።