የሰዓሊው ሚስት ዝምታ

ዝምታን እንደ ፍርሃት ቆጥሬ ነው ያደግኩት። የታይዋኑን ሰዓሊ የቼን ቼንግ ፖን ታሪክ ካነበብኩ ወዲህ ግን እንጃ። ሰውየው በ1895 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ናቸው) ቺያዪ ከተማ ተወለደ፤ ታይዋን በጃፓን እጅ የወደቀችበት ዓመት መሆኑ ነው። በ1926 የትውልድ ከተማውን የሳለበት ሥዕል ቶኪዮ ለሚካሄደው የንጉሠ ነገሥቱ ዐውደ ርእይ ተመረጠ። በዘይት ቀለም ለዚህ የበቃ የመጀመሪያው ታይዋናዊ እሱ ነው።

በ1947 ሕዝቡ በመንግሥት ላይ ሲነሳ፣ ወታደሮቹን እንዲያነጋግሩ ከተላኩት ሽማግሌዎች አንዱ ሆነ። አሰሩት። ማርች 25 ቀን ቺያዪ ባቡር ጣቢያ ፊት ለፊት ረሸኑት።

ሚስቱ ቻንግ ጂዬ ሬሳውን ፎቶ አስነሳች። ጥይት የበሳውን ልብስና ሥዕሎቹን ደበቀች። ከዚያ ዝም። ወታደራዊው አገዛዝ እስከ 1987 ዘለቀ፤ እስከዚያ ስለ ሟቹ ማውራት ራሱ አደጋ ነበረው።

ታዲያ እውነቱን ይዞ ዝም ያለ ሰው ዋሸ ይባላል? አደባባይ ወጥታ ብትጮህ ልጆቿም ሥዕሎቹም ላይተርፉ ይችሉ ነበር። ግን ደግሞ ለአርባ ዓመት ገዳዮቹ ብቻ ተናገሩ፤ ይሄ ይከነክነኛል። ቢሆንም ፍርሃት ብቻ ቢሆን ኖሮ ልብሱን ባቃጠለችው ነበር። መፍራቷንማ ፈርታለች፣ ማን ይፈርድባታል? ፎቶ አንሺውን ስትጠራ ግን የምታደርገውን ታውቅ ነበር።