ከልብ የሚወጣው

ቀድሞ መንቆረር ትባል የነበረችው ከተማ ደብረ ማርቆስ የተባለችው በቅዱስ ማርቆስ ቤተ ክርስቲያን ስም ነው። ወንጌላዊው በምዕራፍ 7 የጻፈው ክርክር የሚጀምረው በእጅ መታጠብ ነው። ፈሪሳውያን፣ ደቀ መዛሙርቱ እጃቸውን ሳይታጠቡ በሉ ብለው ሲከሱ፣ ክርስቶስ ሰውን የሚያረክሰው ወደ ሆዱ የሚገባው ሳይሆን ከልቡ የሚወጣው መሆኑን ያስተምራል። ከልብ ይወጣሉ ተብለው ከተዘረዘሩት መካከል ቀድሞ የተጠራው ክፉ ሐሳብ ነው፤ ስርቆትና ግድያ ከእርሱ በኋላ ይመጣሉ። ትዕቢትም በዚያው ዝርዝር ውስጥ አለ።

የቤተ ክርስቲያናችን ሊቃውንት ነገሩን በሦስት ቃላት ጠቅልለው ይዘውታል፤ ኃልዮ፣ ነቢብ፣ ገቢር፤ ይኸውም ማሰብ፣ መናገር፣ መሥራት ማለት ነው። ሰው በሦስቱም ይበድላል። ይሁንና በንስሐ አባቱ ፊት ሲቀርብ የሚናዘዘው በአመዛኙ የመጨረሻውን ነው። ዓርብ ቀን መግደፉን፣ የጎረቤቱን ድንበር መግፋቱን፣ ምናልባትም በንዴት መሳደቡን ይናገራል። ኃልዮን ግን በጅምላ ያልፈዋል። ይህን የሚያደርገው በኀፍረት ብቻ አይመስለኝም።

ለጎጃም ሰው ምክንያቱ በከፊል ከታላቅ ሀብቱ ይመነጫል። በዲማ ጊዮርጊስ፣ በደብረ ኤልያስ፣ በዋሸራ የቅኔ ተማሪ ከሰው ርቆ፣ ተቀምጦ ቅኔ ሲቆጥር ይውላል፤ ወርቁን በሰሙ ይሰውራል፤ መምህሩም ሰሙን አቅልጦ ወርቁን ያወጣል። ይህ ጥበብ ከጉባኤ ቤት ወጥቶ ችሎት፣ ገበያና ሠርግ ቤት ገብቷል። በአንድ ቃል አመስግኖም ነቅፎም የሚያልፍ ሰው ይደነቃል፤ «ሆድ ይፍጀው» ማለትም እንደ ብልህነት ይቆጠራል። እኔ የዚህ ጥበብ ጠላት ልሆን አልችልም፤ እንጀራዬ ነው። ነገር ግን ሐሳቡን ከሰው መሰወር የለመደ፣ እያደር ከራሱም መሰወር ይለምዳል። የሌላውን ንግግር ሁለት ትርጉም አጥርቶ የሚሰማው ጆሮ፣ ወደ ገዛ ንግግሩ ሲመለስ ሰሙን ብቻ ይሰማል።

በተውኔት መድረክ ላይ አንድ ገጸ ባሕርይ ብቻውን ቀርቶ ሲናገር ተመልካቹ እውነቱን ነው ብሎ ይቀበለዋል። ይህ የመድረክ ስምምነት ነው። በኑሮ ግን ሰው ብቻውን ሲቀርም ትወናውን አያቆምም፤ ተመልካቹ አንድ ሰው፣ ያውም ራሱ ብቻ ይሆናል እንጂ።

ምሳሌውን ከሩቅ መፈለግ አያሻም። የገበሬው ማረሻ ከቀጥቃጩ፣ ጋቢው ከሸማኔው፣ ጀበናው ከሸክላ ሠሪዋ እጅ የወጣ ነው። እንዲህም ሆኖ ደገኛው ባለእጁን «ቡዳ» እያለ ሲሸሸው፣ ጋብቻና ማዕድ ሲነፍገው ኖሯል። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው መስደብን በአዋጅ ከለከሉ። አዋጁ ሊከለክል የቻለው ነቢብን ነበር፤ ኃልዮ ከአዋጅ ደራሽ በላይ ነው። አንዳንዱ ሰው ዛሬም ስድቡን ትቶ ሽሽቱን ይዞ ይኖራል።

ይህን ሰው ግብዝ ብሎ መጥራት ይቀላል፤ እኔ ግን ግብዝ ነው አልልም። በሑዳዴ 55 ቀን የሚጾመው ከልቡ ነው። ኅሊናህን መርምር ቢባል በቅንነት ይመረምራል፤ ምንም ላያገኝም ይችላል። ምክንያቱም ንቀቱ በሐሳብ መልክ አይታየውም፤ ሐምሌ ላይ ዝናብ መዝነቡን እንደሚያውቅ ሁሉ፣ እንደ ዕውቀት ነው የሚቆጥረው። ባወቀው ነገር ደግሞ ማን ንስሐ ይገባል?

በ4ኛው ምዕት ዓመት በግብፅ በረሃ የኖረው መነኩሴ ኤዋግሪዮስ ክፉ ሐሳቦችን በ8 ከፍሎ መርምሯል። ሐሳብ ወደ ሰው መምጣቱ በሰው ፈቃድ አይደለም፤ መሰንበቱ ግን በሰው ፈቃድ ነው ይላል ትምህርቱ። በሀገራችን አነጋገር ብንመስለው፣ ሐሳብ ሲመሽ ደጅ ቆሞ «የእግዜር እንግዳ ነኝ» እንደሚል መንገደኛ ነው፤ የሚያሳድረውም የሚመልሰውም ባለቤቱ ነው። ለቁጣና ለምኞት ይህ ትምህርት ዛሬም መድኃኒት ይመስለኛል። ንቀት ግን በእንግድነት አልመጣም። ሰውየው ከመወለዱ በፊት በቤቱ ነበረ፤ ከአያቶቹ ጋር ምሰሶ ያቆመ ነባር ነው። በር ላይ የቆመ ዘበኛ እርሱን አይዘውም።

ታዲያ ምርመራው በአደባባይ ይሁን እንዳይባል፣ ይህም ተሞክሯል። ከ1960ዎቹ መጨረሻ እስከ 1983 ዓ.ም. በነበሩት ዓመታት በስብሰባ አዳራሽ ይደረግ የነበረውን ሂስና ግለ ሂስ ብዙ አንባቢ ያስታውሰዋል። ሰው ተነሥቶ ጉድለቱን በራሱ አንደበት ይናገር ነበር። ብልሁም ትንሿን ጥፋት አግንኖ በማቅረብ ትልቁን ይሸፍን ጀመር፤ ማርፈዱን አምኖ ፍርሃቱን ዋጠ። ሰሙ ሁለት እጥፍ ሆነ ማለት ነው። ጉድለትን የመናገሩ ሐሳብ በራሱ መጥፎ አልነበረም፤ ሰሚው ዳኛም ከሳሽም በሆነበት አዳራሽ ግን እውነት ሊነገር አይችልም ነበር።

ይህን የጎጃምን ልብ ከሐዲስ ዓለማየሁ አብልጦ የመረመረ ደራሲ አላውቅም። የካህን ልጅ ነበሩ፤ በደብረ ኤልያስና በዲማ ተምረዋል። በ1958 ዓ.ም. የታተመው «ፍቅር እስከ መቃብር» ብዙ ጊዜ የፍቅር ታሪክ ተብሎ ይነገርለታል። እኔ ግን ይበልጥ የማየው ያልተመረመሩ ሐሳቦችን ታሪክ ነው። የበዛብህ ወላጆች ልጃቸው እንዲያድግላቸው ሲሉ ለእግዚአብሔር ይሳሉታል፤ በፍቅር ነው የሚሳሉት፤ የሕይወቱን መንገድ ያለ ፈቃዱ መቁረጣቸው ግን በደል ሆኖ አይታያቸውም። ፊታውራሪ መሸሻ ለሰብለ ወንጌል የሚመጥን ዘር እያጡ ዕድሜዋን ያሳልፋሉ፤ ይህም ለእርሳቸው ትዕቢት አይደለም፤ አባትነት ነው። ይህን የሚያይ አንድ ካሳ ይነሣል፤ ሀገሩም «ጉዱ» ብሎ ስም ያወጣለታል። ቅጽሉ በጣም ትክክለኛ ነው፤ የጋራ ሐሳብን የሚመረምር ሰው በጋራ ሐሳብ ዓይን ሲታይ ጉድ ነው።

ካሳን ግን እንደ ቅዱስ አድርጎ ማየት አይገባም። ሌላውን ሲመረምር ስለቱ የበረታውን ያህል ራሱን ሲመረምር አይበረታም፤ የብዙ ደራሲና የብዙ መምህር ዕጣም ይኸው ነው። በሉቃስ ወንጌል በቤተ መቅደስ ቆሞ የጸለየው ፈሪሳዊም እኮ ራሱን መርምሯል። በሳምንት ሁለት ቀን መጾሙን፣ ዐሥራት ማውጣቱን ቆጥሯል፤ ሂሳቡም ልክ ነበር። ያልቆጠረው በሩቅ የቆመውን ቀራጭ ያየበትን ዓይን ነው።

ስለዚህ የንስሐ አባት «ምን በላህ?» ብሎ ከጠየቀ በኋላ «ከማን ቤት አልበላህም?» ብሎ ቢጨምር ምን ይሆናል እላለሁ። ተነሳሒው ምናልባት ጥያቄው ከጾም ጋር ምን አገናኘው ብሎ ይገረም ይሆናል። መልሱን ግን ለማሰብ ጊዜ አይወስድበትም፤ ከገበያ ሲመለስ የትኞቹን ደጆች ሳይቆም እንደሚያልፍ እግሮቹ ያውቃሉ።