የማማው ልጅና ዋሱ

ርብና ጉማራ ከክረምቱ ሙላት ወደ ወሰናቸው ተመልሰው የፎገራ ሜዳ ሩዝ በጥቅምት ሲያሽት፣ ከወረታ ወጣ ብሎ ወደ ጣና በኩል ለሚመለከት ሰው፣ ከማማ ላይ ሆኖ ወፍ የሚጠብቅ ብላቴና ማየት እንግዳ ነገር አይደለም፤ ነገር ግን ይኸው ብላቴና ወንጭፉን ከአጠገቡ አኑሮ፣ ፍሪ ፋየር ወይም ፐብጂ በሚባለው የስልክ ጨዋታ ውስጥ፣ መልኩን ካላየውና ዕድሜውን ከማያውቀው ሰው ጋር ሲነጋገር ቢገኝ፣ የአባቱን አዝመራ የሚጠብቀውን ልጅ እርሱን ራሱን ማን ይጠብቀዋል?

ወንድ ሕፃን በ40፣ ሴት ሕፃን በ80 ቀን ሲጠመቁ፣ የክርስትና አባት ወይም የክርስትና እናት ገና አፉን ስላልፈታው ሕፃን ሰይጣንን ክደው ሃይማኖትን ይመሰክራሉና፣ በእኛ ዘንድ ጠባቂነት ከዋስትና የሚወለድ ነው፤ ዋስ የሆነ ሰውም ሕፃኑ የሚሄድበትን አገር አላውቀውም ብሎ ከቃል ኪዳኑ ሊወጣ የሚችል አይመስለኝም። ለክርስትና አባት እንዲህ ከሆነ ለወላጅማ ይብሳልና፣ «ይህ የልጆች ነገር ነው፤ ለእኛ አይገባንም» የሚለውን የወላጆች ምክንያት በሰማሁ ቁጥር አዝናለሁ፤ ጤፍና ጓያ ሲዘሩ የኖሩት የፎገራ አባቶች፣ ሩዝ እንግዳ ሆኖ በመጣ ጊዜ ውኃውን፣ አረሙንና ወፉን ጎልማሳ ሆነው ተምረዋልና፣ ልጃቸው የሚውልበትን ጨዋታ መማር ይሳናቸዋል ብዬ አላምንም።

የሚያስፈራኝ የጨዋታው ተኩስ አይደለም፤ በጨዋታው ውስጥ ልጁን የሚያጠምደው ባዕድ ነው። አጥማጁ አስቀድሞ ያሞግሳል፤ ቀጥሎ እንደ ፍሪ ፋየሩ ዳይመንድ ያለውን፣ በጨዋታው ውስጥ በገንዘብ የሚገዛ ነገር በስጦታ ይልካል፤ ከዚያም ልጁን ብዙ ሰው ከሚሰማበት ወደ ስውር መልእክት ወስዶ ፎቶግራፉን ይለምነዋል፣ ባገኘም ጊዜ «ለአባትህ እልክለታለሁ» ይለዋል። እንግዲህ ልጁ በፍርሃት የታሰረበት ይህ ወህኒ የተዘጋው በማን ቁልፍ ነው? አባት ስልኩን እሰብረዋለሁ ብሎ በዛተበት ቀን፣ ሳያውቀው ቁልፉን ለባዕድ አስረክቧል። የ2008ቱ የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958 በሕፃናት ላይ እንዲህ ያለውን ነውር የሚፈጽሙትን ይቀጣል፤ ዳኛ ግን ልጁ ካልተናገረ ምን ይሰማል? መልእክቱን ሳይደመስሱ ለፖሊስ ማቅረብም ቢሆን ከልጁ ቃል በኋላ የሚመጣ ሥራ ነው። ኃጢአተኛ በገዛ እግሩ ወደ ንስሐ አባቱ የሚሄደው፣ ነውሩን ሰምቶ ከደጁ እንደማያባርረው ስለሚያውቅ አይደለምን?

ፀሐይ ወደ ጣና ስታዘቀዝቅ አባት ከማማው ሥር መጥቶ፣ ስልኩን ሳይነጥቅ፣ «እስቲ ልጄ፣ እኔንም አጫውተኝ፤ ያ የሚያናግርህስ ማነው?» ቢለው፣ ልጁ በመጀመሪያ ያፍር ይሆናል፤ እስኪነግረውም ድረስ ወፎቹ ከሩዙ ላይ ያርፋሉ፤ ያን ያህሉን ይብሉት።