ስለ ሐሰተኛ ምስክርና ስለ ትክክለኛ ፍርድ

ዳኛው ሕግ ዐዋቂ፥ ልቡም ቅን ሆኖ ሳለ ፍርዱ ቢጣመም ጥፋቱ የማን ነው? ይህ ጥያቄ በችሎት ብቻ የሚነሣ ይመስላል። እኛ ግን ያገኘነው በፍኖተ ሰላም ከተማ፥ በአንድ ጋራዥ ውስጥ፥ በዘይት በጠቆረ አግዳሚ ላይ ተቀምጠን አሮጌው ሞተር ብስክሌታችን ሲፈታ በተመለከትንበት ሰዓት ነው። ነገሩ ሲጀመር ተራ ቢመስልም ወደ ኋላ እንደምንገልጸው ከሰው እንጀራ ጋር የተያያዘ ስለ ሆነ፥ አንባቢ በትዕግሥት እንዲከተለን እንለምናለን።

ሥራችን ከጽሕፈት ቤት ይልቅ በገጠር ቀበሌ የሚውል ነው። ደመወዛችን አዲስ ሞተር ብስክሌት ለመግዛት ስለማይበቃ፥ ያገለገለ አንድ ከቡሬ ገዛን። የቀድሞው ባለቤት ድምፁ እንዲያስገመግም ብሎ ማርሚታውን ለውጦታል፤ የአየር ማጣሪያውንም ከነሣጥኑ አውጥቶ በምትኩ ክፍት የሆነ ገጥሞበታል። «ጉልበት ጨምሬበታለሁ» ሲለንም ደስ አለን። ደስታችን ግን ብዙ አልቆየም። ሞተሩ ቤንዚን እንደ ውኃ ይጠጣል፤ ካንዴላው በጥላሸት ይለበጣል፤ ጧት በብርዱ ደኅና ተነሥቶ ቀትር ላይ ይታፈናል፥ አቀበት ላይም ይጠፋል። ቤንዚን ከማደያ በጠፋ ጊዜ በመንገድ ዳር በፕላስቲክ ጠርሙስ በውድ ዋጋ ለሚገዛ ሰው፥ ይህ ቀላል ጉዳት አይደለም።

ነገሩ እንዲገባ አሠራሩን በአጭሩ እንግለጽ። ቤንዚን በአየር ውስጥ ያለውን ኦክሲጅን ሳያገኝ አይነድም። በክብደት ሲለካ፥ ለ1 እጅ ቤንዚን 14.7 እጅ ያህል አየር ሲደርሰው ሁለቱም ሳይተራረፉ ይቃጠላሉ። ቤንዚኑ ከበዛ ጥላሸት ይሆናል፤ አየሩ ከበዛ ሞተሩ ይደክማል፥ ከልክ በላይም ይግላል። በአገራችን የሚበዙት ሞተር ብስክሌቶች ይህን ልክ የሚያገኙት በካርቡራተር ነው። የካርቡራተር ልክ ደግሞ የቀዳዳው ልክ ነውና እንደ አገሩ ከፍታና ዝቅታ ራሱን አይለውጥም። ከባሕር ጠለል በላይ 2,000 ሜትር ገደማ በሆነው በቡሬና በፍኖተ ሰላም ምድር የአየሩ ግፊት በባሕር ጠረፍ ካለው በአንድ አምስተኛ ያህል ያንሳል፤ ከቡሬ ወደ ነቀምት የሚሄድ ሰው ወደ ዓባይ ሸለቆ ሲወርድም አየሩ መልሶ ይከብዳል።

ይህን ችግር ለማቃለል ቤንዚኑን በግፊት የሚረጭ፥ የሚረጨውንም መጠን በኤሌክትሪክ ትእዛዝ የሚወስን ኢንጀክሽን የተባለ ዘዴ ተገኘ። ካዋሳኪ የተባለው የጃፓን ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1980 እንዲህ ያለውን ሞተር ብስክሌት ለገበያ አቅርቧል። ሕንድም እ.ኤ.አ. በ2020 ጥብቅ የጭስ ደንብ በሥራ ላይ ስላዋለች፥ በዚያ አገር ትንንሾቹ እንኳ በብዛት በዚሁ ዘዴ ይሠሩ ጀመር። የእኛም ሞተር ብስክሌት በኢንጀክሽን የሚሠራ ነው።

በዚህ ዘዴ ፈራጁ ከመቀመጫው ሥር ያለች አንዲት ትንሽ ኮምፒዩተር ናት። ይህች ዳኛ ዓይንም ጆሮም የላትም፤ የምትፈርደው ሴንሰር በሚባሉት ምስክሮች ቃል ነው። አንዱ የአየሩን ግፊት፥ አንዱ ሙቀቱን፥ አንዱ ነጂው ቤንዚን የቱን ያህል እንደ ሰጠ ይመሰክራሉ። ከሁሉም በኋላ በጭሱ መውጫ ላይ የቆመው የኦክሲጅን ሴንሰር የተቃጠለውን መርምሮ፥ «ፍርድሽ በዝቷል» ወይም «አንሷል» ይላታል። እርሱ እንደ ይግባኝ ሰሚ ነው ብንል ከእውነት አንርቅም።

ሞተሩን ያሳየናቸው የመጀመሪያው መካኒክ ሚኒሞውን ከፍ አደረጉት፤ ሁለተኛው ኢንጀክተሩን ፈትተው አጠቡት፤ ሦስተኛው «ኮምፒዩተሩ ተበላሽቷል፥ ሌላ ፈልጉ» ብለው ፈረዱ። ሦስቱም ዳኛዋን ወይም የዳኛዋን እጅ ከሰሱ እንጂ፥ ምስክሮቹን የጠየቀ አልነበረም። በመጨረሻ በቴክኒክና ሙያ ትምህርት ቤት የተማረ አንድ ወጣት መካኒክ መለኪያውን ይዞ ሽቦዎቹን አንድ በአንድ ተከተለ። ከሙቀት ሴንሰሩ ሽቦ ላይ፥ በፕላስተር ተጠቅልሎ፥ ከስንዴ ቅንጣት ጥቂት የሚበልጥ ሬዚስተር አገኘ። ሥራውም ለዳኛዋ የሚደርሰውን ቃል መለወጥ ነበር፤ አየሩ ሞቆ ሳለ «ብርድ ነው» ያሰኛታል። ብርድ አየር የታመቀ ስለ ሆነ እርሷም በሕጓ መሠረት ቤንዚን ትጨምራለች። የኦክሲጅን ሴንሰሩም በተለወጠው ማርሚታ ላይ መቆሚያ ስላልነበረው፥ ሽቦው ተቈርጦ ታስሯል። ሐሰተኛው ምስክር ሲቆም እውነተኛው ከችሎት ወጥቶ ነበር ማለት ነው።

የቀድሞው ባለቤት ይህን ያደረገው ለክፋት ነውን? አይመስለንም። ማጣሪያውንና ማርሚታውን ሲከፍት ብዙ አየር ገባ፤ ዳኛዋ ይህን አላወቀችም፤ ቤንዚን እንድትጨምርለት ዋሻት። እንግዲህ የተነገረው ውሸት ጉድለትን ለመሙላት የታሰበ ነው። ታዲያ ለበጎ የታሰበ ውሸት ምን ነውር አለው? መልሱን የሰጠን ያው ሬዚስተር ነው። ወጣቱ እንዳስረዳን፥ ሙቀት ሲጨምር ሴንሰሩ ለኤሌክትሪክ የሚያሳየው መከልከል እየቀነሰ ይሄዳል፤ የተጨመረው ሬዚስተር ግን ባለበት ይጸናል። ስለዚህ ጧት ትንሽ የነበረው ውሸት ቀትር ላይ ይገዝፋል። ዋሾው ለአንድ ቀንና ለአንድ ቦታ ለክቶ የተናገረው ውሸት፥ ቀኑና ቦታው ሲለወጥ ልኩን አብሮ አይለውጥም። እውነተኛ ምስክር ግን ከነገሩ ጋር ይለወጣል፤ እውነተኛነቱም ይህ ነው።

ሬዚስተሩ በወጣ ጊዜ ሞተሩ ዳነ ብንል ደግሞ እኛም እንዋሻለን። ይብሱን ደከመ፤ አየሩ በዝቶበት በማርሚታው ይተኩስ ጀመር። ወጣቱም፥ «ውሸቱን አወጣን፤ አሁን ውሸቱ የሸፈነውን ጥመት ማቅናት አለብን» አለ። ከተፈታታ ሌላ ሞተር ብስክሌት የማጣሪያ ሣጥንና መቆሚያ ያለው ማርሚታ ተፈልጎ ተገጠመ፤ የኦክሲጅን ሴንሰሩም ወደ ቦታው ተመለሰ፤ ሚኒሞው ወደ ልኩ ወረደ። ዳኛዋ ያችው የድሮዋ ናት፤ ፍርዷ ግን ቀና።

በአግዳሚው ላይ ተቀምጠን ይህን ስናይ ፊታችን የጠቆረበትን ምክንያት አሁን እንናገር። ሞተሩ ታሞ በነበረበት በሐምሌ ወር፥ ከወንዝ ማዶ ያለ አንድ ቀበሌ ሄደን በ2009 ዓ.ም. ወደ አገራችን የገባው የአሜሪካ ተምች በበቆሎው ላይ መኖር አለመኖሩን እንድንመረምር ታዝዘን ነበር። ሞተሩ አቀበት አይወጣም፤ በእግር መሄዱ ደግሞ ከበደን። ባለፈው ወር አይተን ያላገኘነውን አሁንም አይኖርም ብለን፥ «ታይቷል፥ ተምች የለም» ስንል ጻፍን። ለክፋት አልነበረም፤ ሠንጠረዡ ባዶ እንዳይሆን ነው። አለቆቻችን ወረቀቱን አምነው የነበረውን ጥቂት መድኃኒት ሌላ ቀበሌ ላኩ። በእጃቸው በነበረው ማስረጃ ፍርዳቸው ትክክል ነበር።

በነሐሴ ወደዚያ ቀበሌ በሄድን ጊዜ አንዲት አሮጊት እጃችንን ይዘው ወደ ማሳቸው ወሰዱን። የተጠቀለለውን የበቆሎ ቅጠል ገልጠው በውስጡ የተኛውን ተምች አሳዩንና፥ «ልጄ፥ ወረቀታችሁ ተምች የለም ካለ፥ ይህን የበላው ምንድር ነው?» አሉን። «እማማ» ብለን ጀምረን የምንጨምረው ቃል አጣን።

«እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» ይባላል፤ እውነት ነው። ነገር ግን ንጋቱን ስንጠብቅ ተምቹ ሌሊቱን ሲበላ ያድራል። ዘግይቶ የሚጠራ እውነት የዋሸውን ሰው ያሳፍር እንደ ሆነ እንጂ፥ የተበላውን በቆሎ አይመልስም።

በመጀመሪያ ለጠየቅነው ጥያቄ መልሳችን ይህ ነው። በሐሰት ምስክር የተጣመመ ፍርድ ጥፋቱ አስቀድሞ የምስክሩ ነው። ምስክሩ ታናሽ መሆኑ፥ አሳቡም በጎ መሆኑ ነፃ አያወጣውም፤ ትልቁ ውሳኔ የሚቆመው በዚያች ትንሽ ቃል ላይ ነውና። ሆኖም የኦክሲጅን ሴንሰሩ ታስሮ ሲቀመጥ ዝም ያለ ቤትም ከጥፋቱ ድርሻ አለው። «ፍርድህ አልቀናም» የሚለውን ሰው ከፊቱ የሚያርቅ አለቃ፥ ዋሾን ራሱ ይጠራል። ይህንን የምንለው ግን የራሳችንን ዕዳ በሌላ ላይ ለመጫን አይደለም።

በማግሥቱ በተጠገነው ሞተር ብስክሌት ወደ ጽሕፈት ቤታችን ሄደን ያለፈው ወረቀት ሐሰት መሆኑን በጽሑፍ ገለጽን። ተግሣጽ ደረሰብን፤ ተገቢም ነበር። ከዚያ ወዲህ ያላየነውን ማሳ «አልታየም» ብለን እንጽፋለን። ይህች ቃል ሠንጠረዡን ታጎድላለች፥ አለቃንም አታስደስትም፤ ነገር ግን በእርሷ ምክንያት ሌላ ሰው ተልኮ ማሳው ይታያል። የአሮጊቷን በቆሎ ልንመልስላቸው አልቻልንም። የቻልነው በሚቀጥለው ሐምሌ ከሁሉ አስቀድመን ወደ እርሳቸው ማሳ መሄድ ብቻ ነበር፤ ሄድንም።