ፍየል የሚገዛበት ወቅት

ልጆቼ፣ ሥጋ ተወደደ ብላችሁ ከባለ ሥጋ ቤቱ ጋር አትጣሉ። በምንኖርባት ሀርጌሳ የሥጋ ዋጋ የሚቆርጠው እሱ አይደለም፤ አንድም የበርበራ ወደብ ነው፣ አንድም ዝናቡ።

አረፋ ሁለት ወር ያህል ሲቀረው ላኪዎች በጉንና ፍየሉን ሰብስበው ለሳዑዲ ይጭናሉ። ለሐጅ የሚመረጠው ጤነኛውና የደለበው ነው። ለከተማው የሚተርፈው ከሲታው ሲሆን እሱም በላኪ ዋጋ ይሸጣል። አረፋ በየዓመቱ 11 ቀን ገደማ ቀደም እያለ ስለሚመጣ ይህ ወቅት ዛሬ ከፋሲካችን ጋር ተደርቧል። በ2017 ዓ.ም. ፋሲካ ሚያዝያ 12፣ አረፋ ደግሞ ግንቦት 29 ነበር የዋለው። ከዚያ በፊት ረመዳን አለ፤ እሱም ዋጋውን ከፍ ያደርገዋል። ስለዚህ የፋሲካን ፍየል ለቅዳሜ ሹር አታቆዩ። ግቢ ያላችሁ ቀደም ብላችሁ ግዙና መኖውን ተዋጡ፤ የሌላችሁ ቅርጫ ግቡ።

አንዳንዶቻችሁ «ላኪ ቢከለከል ሥጋ ይረክስልን ነበር» ስትሉ እሰማለሁ። ተከልክሎ ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ2000 ሳዑዲ በስምጥ ሸለቆ ትኩሳት ሰበብ ከዚህ የሚሄደውን እንስሳ አገደች፤ እገዳው የተነሳው በ2009 ነው። የበግና የፍየል ዋጋ ወረደ፣ ግን አገሩ የሚኖረው በከብት ነውና መግዣው ገንዘብም አብሮ ጠፋ። ሥራ ሲቀዘቅዝ መጀመሪያ የሚሰናበተው ደግሞ እንደኛ ያለው እንግዳ ነው።

የዝናቡ ነገር ከዚህ ይጠልቃል። በጂላል፣ ከታኅሣሥ እስከ መጋቢት ባለው በጋ፣ ድርቅ ሲበረታ አርብቶ አደሩ እንስሳው ሳይሞትበት አውጥቶ ይሸጣል። ዋጋው ይወድቃል፣ ከተሜው ደስ ይለዋል። እኔ ግን የምፈራው ያን ጊዜ ነው። ዝናብ ሲመጣ የተረፈችለትን እንስት ለማርባት ይይዛታልና የሚሸጥ አይገኝም። እ.ኤ.አ. በ2016 እና በ2017 የደረሰው ድርቅ መንጋውን ክፉኛ ጨርሶታል፤ ያለቀ መንጋ በአንድ ክረምት አይተካም። በድርቅ ሥጋ ሲረክስ ካያችሁ ለመጪዎቹ ወራት ገንዘብ ያዙ።

ከብት ገበያ ብቻችሁን አትሂዱ። ደላላውና ሻጩ በጨርቅ ሥር ጣት ለጣት ተያይዘው ነው ዋጋ የሚነጋገሩት፤ ቆማችሁ ብታዩም የተባለው አይገባችሁም። ሶማሌ ጎረቤታችሁን ለምኑ፣ እምቢ አይላችሁም። በዛድ፣ ማለትም በስልክ ገንዘብ፣ የምትከፍሉ ከሆነም ዋጋው በዶላር ይሁን በሽልንግ አስቀድማችሁ ቁረጡ።

ሥጋ ማቆየትንም ከነሱ ተማሩ። ሙቅመድ የሚሉት አለ፦ ሥጋውን ያደርቁና በደቃቁ ከትፈው ይጠብሱታል፣ ከዚያ ቅቤ ውስጥ ያስቀምጡታል፤ ያለ ፍሪጅ ወራት ይቆያል። ከእኛ ቋንጣ አይርቅም። አረፋ ሲያልፍ ዋጋው አብዛኛውን ጊዜ ስለሚቀዘቅዝ ያን ጊዜ ለሁለት ቤት አንድ ፍየል አርዳችሁ አድርቁ።